ሮጀር አክሮይድን ጋምቤላ ላይ

መጽሐፉን ያዋሱኝ ሶፍትዌር ልገጥም በሄድኩበት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ናቸው። የመጋቢት ሙቀት አናቴን እያፈላው፣ ኔትወርክ እስኪመለስ ፈዝዤ ስቀመጥ አይተው «ኢንጂነር፣ እስቲ ይቺን ሞክራት። ስትጨርስ ግን ትመልሳለህ» አሉኝ። የአጋታ ክሪስቲ «የሮጀር አክሮይድ ግድያ»፣ በእንግሊዝኛ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ።

እውነት ለመናገር ንቄው ነበር። የወጣው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ ጋምቤላ ላይ የእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ነበር፤ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ መርከቦች ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። የዚያ ዘመን ወንጀል እኔን ምን ያስደንቀኛል?

መርማሪው ፖይሮ ጡረታ ወጥቶ ገጠር ውስጥ ዱባ ሲያለማ ነው የምናገኘው። ተናዶ አንዱን በአጥር ሲወረውር ጎረቤቱን ለጥቂት ይስተዋል። ጎረቤቱ የመንደሩ ሐኪም ነው፤ ታሪኩን የሚተርክልን እሱ። እኅቱን ካሮላይንን ወደድኳት፤ ከቤቷ ሳትወጣ የመንደሩን ወሬ ሁሉ ቀድማ ታውቃለች። እኛም ሰፈር አለች።

በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ገዳዩን አልነግራችሁም። ግን እንዳለቀ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ እንደ ሎግ ፋይል መስመር በመስመር ፈተሽኩት። ውሸት አጣሁበት። የተሸወድኩት በተዘለለው ነው።

እዚህ ላይ ሆዴ ተረበሸ። ከሳምንት በፊት የአንድ ቀን ምዝገባ ከሲስተሙ ጠፍቶ ነበር። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፦ «4፡10 ላይ መብራት ተቋረጠ። ሲመለስ የዕለቱ መረጃ አልተገኘም።» ሁለቱም እውነት ነው። መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ባክአፕ ሳልይዝ ያስኬድኩትን የማጥፊያ ትዕዛዝ ግን አልጻፍኩትም። ሁሉም መብራቱን ረገመ። የመዝገብ ክፍል ሰዎች ቅዳሜን ሙሉ ከወረቀት እንደገና ሲያስገቡ ዋሉ፤ እሳቸውም ላብ የያዘው መነጽራቸውን እየጠረጉ።

መጽሐፉን ስመልስ «እህ፣ ደረስክበት?» አሉኝ።

«አልደረስኩበትም።»

«እኔን የሚገርመኝ ማን ገደለው አይደለም። አጻጻፉ ነው።»

ይህን ሲሉ እኔን ይዩ ቬንትሌተሩን፣ እስካሁን አልገባኝም። ያውቁ ነበር እንዴ? ለመጠየቅ አፈርኩ።

ከሰዓት ሪፖርቱን ከፍቼ የጎደለችውን መስመር ጨመርኩ፣ ፕሪንት አድርጌም ወሰድኩላቸው። ቆመው አነበቡት፤ ሁለቴ መሰለኝ። ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

«ሻይ ጠጥተሃል?» አሉኝ።