አባቴ ሦስቱን ፍሬ ለሁለት ያካፈለ ዕለት

ኅዳር 1994 ዓ.ም. ነበር። አባቴና ታላቅ ወንድሜ ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ ሲመለሱ ሁለቱንም ወባ ይዟቸው ነበር። ክሊኒክ የሄደው ግን አባቴ ብቻ ነው። ወንድሜ መቆም አቅቶት ቤት ቀረ፣ ለሁለት ሰው የሚከፈል ገንዘብም አልነበረም። ለአባቴ ሦስት ፍሬ ፋንሲዳር ሰጡት፤ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚዋጡ፣ የአንድ ሰው መድኃኒት።

አባቴ ቤት ገብቶ አንዱን ፍሬ በቢላ ለሁለት ከፈለው። አንድ ተኩል ለራሱ፣ አንድ ተኩል ለወንድሜ። የሁለቱም ትኩሳት በረደ፣ እናቴም "ተመስገን" አለች። በሦስተኛው ሳምንት ግን የወንድሜ ትኩሳት ተመልሶ መጣ፤ መቃዠትም ጀመረ። በቃሬዛ ሆስፒታል ተወስዶ፣ ኩዊኒን በደም ሥሩ ተሰጥቶት ለጥቂት ተረፈ።

ዛሬ ፋርማሲስት ነኝ። የዚያች ግማሽ ፍሬ ነገር የገባኝ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ነገሩ የቫይታሚን ጉዳይ ነው። ሰው ቫይታሚን ቢ9ን፣ ማለትም ፎሌትን፣ ራሱ መሥራት አይችልም። ከጎመን፣ ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከጉበት ያገኘዋል። የወባ ተህዋስ ግን ራሱ ይሠራዋል። ያለ ፎሌት ዘረ መሉን መቅዳት፣ መባዛትም አይችልም። ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳዩ ዓይነት በየ48 ሰዓቱ ቀይ የደም ሕዋስ እያፈነዳ ስለሚባዛ ፍላጎቱ ከፍተኛ ነው።

ፋንሲዳር የተነጣጠረው እዚህ ላይ ነበር። በውስጡ ያለው ሰልፋዶክሲን ተህዋሱ ፎሌት ለመሥራት የሚጠቀምበትን ጥሬ ዕቃ ይመስላል፤ ተህዋሱ ተታሎ ያነሳውና ሥራው ይቆማል። ሁለተኛው፣ ፒሪሜታሚን፣ ፎሌቱን ለአገልግሎት የሚያዘጋጀውን ኢንዛይም ይዘጋል። ፒሪሜታሚን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ከገርትሩድ ኤሊየንና ከጆርጅ ሂቺንግስ ቤተ ሙከራ ነው። እኛ ቫይታሚኑን ከምግብ ስለምናገኘው ብዙም አንጎዳም፤ ተህዋሱ ግን ይሞታል።

ችግሩ፣ ያ ኢንዛይም ከ600 በላይ አሚኖ አሲዶች የተሠራ ሲሆን ከእነዚህ አንዷ ብቻ፣ 108ኛዋ፣ ስትለወጥ ፒሪሜታሚን በደንብ መያዝ ያቅተዋል። ሌሎች ሁለት ሦስት ለውጦች ሲጨመሩማ መድኃኒቱ ዋጋ ያጣል። ፋንሲዳር ደግሞ ቀስ እያለ እየሳሳ በደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። የሳሳ መድኃኒት ደካማውን ተህዋስ ይገድላል፣ ጠንካራውን ይተዋል። ግማሽ መጠን የወሰደ ሰው ገና ከመጀመሪያው በሳሳ መድኃኒት ይጀምራል ማለት ነው።

ሀገራችን ክሎሮኪን አልሠራ ሲላት እ.ኤ.አ. በ1998 ፋንሲዳርን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ተመራጭ አደረገች። በ2004 ወደ ኮአርተም ዞረች። ስድስት ዓመት ብቻ! አሁን ደግሞ ለአርቴሚሲኒን፣ ማለትም ለኮአርተም ዋና ጉልበት፣ በከፊል የማይበገር ተህዋስ በሩዋንዳ፣ በኡጋንዳና በኤርትራ ተረጋግጧል። ጎረቤታችን ነው።

ተመራማሪዎች ወደ ቫይታሚኑ መንገድ መመለሳቸው ለዚህ ነው። በታይላንድ እነ ዮንግዩት ዩታቮንግ ፒ218 የተባለ ውህድ ሠርተዋል። ውህዱ የሚቀመጠው ፎሌቱ ራሱ በሚቀመጥበት ቦታ ልክ ነው። ተህዋሱ ውህዱን ለማስወጣት ቦታውን ቢለውጥ የራሱን ቫይታሚንም ማስገባት ያቅተዋል ተብሎ ይታሰባል። ሌሎች ቢ6ን ያጠናሉ፤ ተህዋሱ ራሱ ይሠራዋል፣ እኛ ግን የመሥሪያው ኢንዛይሞች የሉንም። ቢ5ን ደግሞ ተህዋሱ ከእኛ ይወስዳል፤ እሱን የሚመስል ሐሰተኛ ቫይታሚን ሊያጎርሱት የሚሞክሩም አሉ።

እኔ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ነገ ከእነዚህ አንዱ መድኃኒት ሆኖ ቢመጣ በእኛ ቤት ስንት ዓመት ይቆያል? ኮአርተም ሦስት ቀን፣ ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። "በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ፣ የቀረውን ለልጄ አስቀመጥኩት" የሚለኝ ሰው ዛሬም አላጣም።

መጀመሪያ መጀመሪያ እቆጣ ነበር። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ለአባቴ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ "ታዲያ ልጄ፣ እሱ እየተንቀጠቀጠ እኔ ሦስቱንም ልዋጥ ነበር?" አለኝ።

መልስ አጣሁ። ወንድሜን የጣለው የመድኃኒቱ ማነስ ይሁን ቀድሞ የተላመደ ተህዋስ፣ አሁን ማንም ሊለየው አይችልም። አባቴ ያደረገው ግን ማንም አባት የሚያደርገውን ነው። ያጠፋው ሌላ ሰው ነው፤ መድኃኒቱን ሲያቀብለው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ የሸኘው።

ከዚያ ወዲህ የወባ መድኃኒት ስሰጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው፦ "ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?" ካለ፣ የያዙትን እንዳያካፍሉ እነግራቸዋለሁ፤ ታማሚው መጥቶ የሚመረመርበትን መንገድም አብረን እንፈልጋለን። ጤና ባለሙያ የሆናችሁ፣ እናንተም ጠይቁ። ታማሚ የሆናችሁ፣ ባይጠይቋችሁም ተናገሩ።