አጣጥ ግቢ ውስጥ የተሠራው ጥናት



የሕክምና ጥናት ሲባል ሁላችንም የሚመጣልን አሜሪካ ወይም እንግሊዝ ነው። ከእምድብር ብዙም በማይርቀው አጣጥ ሆስፒታል የተሠራውን ግን የሰማ ጥቂት ነው። እኔም ያገኘሁት ጤና ጣቢያ የሚሠራ ጓደኛዬ በስልክ ልኮልኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ይህ ሆስፒታል ግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለው። እርግዝናዋ የሚያሰጋ ሴት ምጥ ሳይጀምራት ቀድማ መጥታ እዚያ ትሰነብታለች። አጥኚዎቹ ከ1987 እስከ 2008 በሆስፒታሉ የነበሩትን 24,148 ወሊዶች መዝገብ አገላብጠው በ2010 አሳተሙት።

በማቆያው ካለፉት እናቶች ከ1,000 ወሊድ ሞተው የተወለዱት 18 ገደማ ናቸው። ከቤት በቀጥታ ከመጡት ግን 191! የእናቶች ሞትም በሕይወት ከተወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር ሲሰላ በማቆያው በኩል 90 ገደማ፣ በሌላው በኩል 1,333 ነው። ሱብሓነላህ።

ልብ በሉ፣ በቀጥታ ከሚመጡት መካከል እቤት ሲያምጡ ቆይተው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የሚደርሱ አሉ። ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ግን እኮ ነገሩም እሱው ነው፤ ማቆያው የሚያስቀረው መንገዱን ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛዋን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊወስዳት ይችላል። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት አለ፤ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ የተሠራ። ከወላዷ ሥር በሚነጠፍ ፕላስቲክ ደሙን እየለኩ፣ ሲበዛ ሕክምናውን ሁሉ ባንዴ በመስጠት ከባዱን የደም መፍሰስ አደጋ በ60 በመቶ ቀንሰዋል። ፕላስቲኩ ቀላል ነገር ነው። የሚለካው ሰውና መድኃኒቱ ግን ሴትየዋ ያለችበት ክፍል መገኘት አለባቸው።

ይህን የምጽፈው ታናሽ እህቴ ስምንተኛ ወሯን ስለያዘች ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕራሲዮን ነው። የባሏ እናት «እኔ ዘጠኝ ልጅ እዚሁ ቤት ወልጃለሁ፣ አላህ ያውቃል» አሉ። ከዘጠኙ ስንቱ እንዳደገ የጠየቃቸው የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም፣ ነውር ነው። ባሏን ያስጨነቀው ላሟን ማን ያልባል የሚለው ነው። የሚሲዮን ሆስፒታል መሆኑን ያነሱም አልጠፉም። መስጂዳችን ሰፍ ላይ ከሚቆሙት ወጣቶች ስንቱ እዚያ እንደተወለደ እናቶቻችሁን ጠይቁ አልኳቸው። ተወኩልም ቢሆን ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው፤ ይሄን ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ላሟን ጎረቤት ሊያልብ ተስማምቷል። ቆጮውን እናቴ ታዘጋጃለች፣ አብራት የምትሰነብተው አክስታችን ናት። የቀረን መኪና ነው። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወደዚያ የሚሄድ የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሷንም በዱዓችሁ አስታውሷት።