በግ የሌለው ገጠር

እቃ እቃ ሳይጫወት ያደገ ሰው ያለ አይመስለኝም። ገሉ ድስት፣ ጭቃው ወጥ፣ የጎረቤት ልጅ ባል ይሆናል። አባት የሆነው ከሥራ ገብቶ ይቆጣል፤ እናት የሆነችው ታበላለች፤ ታናሹ ደግሞ ጨዋታው እስኪያልቅ ሕፃን ሆኖ ያለቅሳል። ማሸነፍና መሸነፍ ብሎ ነገር የለም። ሲመሽ የእውነተኛዋ እናት ጥሪ ይሰማና ቤቱም ትዳሩም ባለበት ይፈርሳል።

ይህንኑ ጨዋታ ኮምፒዩተር ውስጥ ያስገባው ዊል ራይት የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ፣ በኦክላንድ ኮረብቶች ላይ የተነሣው ሰደድ እሳት ቤቱን ከነዕቃው በላበት። ሰውዬው ከማንኪያ እስከ አልጋ እንደ አዲስ ሲሸምት፣ ለመሆኑ ለሰው የሚያስፈልገው ዕቃ የቱ ነው የሚለው ነገር አእምሮው ውስጥ ገባ። ውጤቱ በ2000 የወጣው «ዘ ሲምስ» ነው። ቤት ትሠራለህ፣ ሰዎች ታኖርበታለህ፤ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ሥራ ይሄዳሉ። የሚናገሩት የማንም ያልሆነ፣ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ይህ በበኩሌ የጨዋታው ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል፤ የማንም ቋንቋ ስላልሆነ መንዜም የራሱን ነገር ይሰማበታል።

ሁለተኛው ክፍል በ2004፣ ሦስተኛው በ2009፣ አራተኛው በ2014 ተከተሉ። ታዲያ የዚህ ጨዋታ ወዳጆች ቀጣዩን ክፍል የሚጠብቁት በደስታ ብቻ አይደለም፤ ምክንያትም አላቸው። በሁለተኛው ክፍል ልጆች ማደግና ማርጀት ጀመሩ፤ በሦስተኛው ከቤት ወጥቶ ሰፈሩን ያለማቋረጥ መዞር ተቻለ፤ አራተኛው ሲመጣ ግን ሰፈሩ ተመልሶ ተቆራረጠ። መዋኛ ገንዳና ድክ ድክ የሚሉ ሕፃናትም ጠፍተው ተገኙ። ገንዳው ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ሕፃናቱ በ2017 መጡ። የወቅቶች መፈራረቅ በ2018 ተጨመረ፤ ያውም በተጨማሪ ክፍያ። አዲስ ቤት ገብቶ በሩን ለመስቀል ሦስት ዓመት እንደ መጠበቅ ነው።

ነገሩን ከቅርብ ያየሁት ደብረ ብርሃን በሚኖሩት አክስቴ ቤት ነው። ልጃቸው በአንድ አሮጌ ላፕቶፕ አራተኛውን ክፍል ትጫወታለች። ሌላው ተጫዋች ቪላ ሲገነባ እሷ የተያያዘችው የአያታችንን ቤት ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወዲያ፣ በጌራ ምድር ያለውን ወፍራም የድንጋይ ቤት። አክስቴ ተወልደው ያደጉበት ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ቤቱን ሄዶ ያየ ከእኛ ወገን የለም። ጎረቤት አልፎ አልፎ በስልክ ሲገኝ በሩ እንደተዘጋ ነው ይላል። ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

አክስቴ መጀመሪያ የልጃቸውን ድካም እንደ ሥራ ፈትነት ነበር የቆጠሩት። አንድ ቀን መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉና፣ «ይህን ሁሉ መስኮት ያበዛሽው ብርዱን ማን ሊችለው ነው?» አሏት። መስኮቶቹ ተደፈኑ። በማግስቱ፣ «ምድጃው መሐል ነው፤ ምን ግድግዳ ላይ ለጠፍሽው!» ሆነ። ጨዋታው ግን ምድጃ የሚያውቀው እንደ ፈረንጅ ቤት፣ ጭስ ማውጫ ያለውን ነው። ቆጡን በመሰላል ተወጣችው። የከብቱ ነገር ግን መላ አልተገኘለትም፤ የጨዋታው ላም ቤት ውስጥ አትገባም። «እና ሌሊት ጅብ ይብላት?» አሉ አክስቴ። ጅብ እንደሌለ ሲነገራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

በጉም የራሱ ጣጣ አለው። በ2021 የገጠር ኑሮ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ ላም፣ ዶሮ፣ ጥንቸልና ከደቡብ አሜሪካ የመጣው ላማ ነበሩበት፤ በግ ግን አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከፈረስ ጋር በግ መጣ፤ እሱም ድንክዬ ነው። በግ የሌለው ገጠር ለመንዝ ሰው ምን ገጠር ነው? የመንዝ በግ እኮ ሥጋው ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ጠጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ዝተት ይሆናል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ብርድ ሰውን የሚያሳድረው እሱ ነው። ጨዋታው ውስጥ ወቅቱ ያለፈበት ተክል ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። በልግ የቀረበት፣ ገብሱን ውርጭ የመታበት ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል አስቡት።

እኔ ከቀጣዩ ክፍል የምመኘው ከበጉ አልፎ ይሄዳል። በእስካሁኑ ጨዋታ እያንዳንዱ ቤተሰብ በተከለለ ቦታው ይኖራል፤ አዲስ ሰው ሲገባ ጎረቤት ኬክ ይዞ ይመጣል፤ ጉርብትናው ከሞላ ጎደል እዚያው ላይ ያበቃል። ወንፈል የለም። ጓሳ የለም። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን የመንዝን ጓሳ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በጋራ ጠብቀውታል። ሣሩ ሦስትም አምስትም ዓመት ተከልክሎ ይከርማል፤ ሲፈቀድ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ የቤት ክዳኑም ገመዱም ከዚያው ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው በኋላ በራሱ ደንብ ጥበቃውን መልሶ አቁሞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ነው። አሥር ቤተሰብ አንድ ሣር እንዴት ሳያጠፋ እንደሚካፈል የሚያጫውት ጨዋታ ቢመጣ፣ ገንዘብ ከፍዬ እገዛው ነበር።

ችግሩ «በጋራ» የሚለው ቃል በጨዋታ ሠሪዎች ዘንድ ሌላ ፍች አለው። ባለቤቱ ኤሌክትሮኒክ አርትስ በ2022 «ፕሮጀክት ሬኔ» የሚባል አዲስ ሥራ ሲያስተዋውቅ የተናገረው ስለ አብሮ መጫወት ነበር፤ አብሮ መጫወት ደግሞ ኢንተርኔት ይጠይቃል። በ2013 የወጣው «ሲምሲቲ» ያለ ኢንተርኔት አልከፈትም ብሎ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተጫዋቹን ደጅ አስጠንቶታል። ያ የሆነው መስመር በማይቋረጥበት አገር ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ የአክስቴ ልጅ ድንጋይ ስትደረድር የከረመችው ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ሥጋት ግን የባሰ ነው። እስከ ዛሬ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ቤትም ቤተሰብም ተሻግሮ አያውቅም። በ2024 ኩባንያው አራተኛውን የሚሽር አምስተኛ ክፍል እንደማያመጣ መናገሩ ለብዙ ተጫዋች እፎይታ የሆነው ለዚህ ነው፤ ያም ሆኖ አሮጌው ላፕቶፕ አንድ ቀን ይሞታል። ይህን ለአክስቴ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

«ይህ ሁሉ የተለፋበት ቤት ይቀራል ማለት ነው?» አሉኝ።

«ይቀራል፣ እትዬ።»

ልጃቸው አሁን ደብተር ይዛለች። የግድግዳውን ውፍረት በክንድ፣ የቆጡን ከፍታ በሰው ቁመት፣ ከምድጃው እስከ ከብቱ ማደሪያ ያለውን ርቀት በእርምጃ እናቷ የሚነግሯትን ትጽፋለች። የቀራት የበሩ አቅጣጫ ብቻ ነው። አክስቴ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያል ይላሉ፤ ወንድማቸው፣ ማለትም አባቴ፣ ከአዲስ አበባ በስልክ ወደ ገደሉ ነው ብለው ድርቅ ብለዋል። ጎረቤትየው ስልኩ ሲሠራ ይጠየቃል።