ከመናገሻ ደን ለግቢያችን የሚገኝ ትምህርት
ስለ ጥላ ሥር ሣር

በአዲስ አበባ ቤት ሠርቶ ግቢውን በዛፍ ያስከበረ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ችግር ያገኘዋል። ዛፉ አድጎ ጥላው ሲሰፋ በሥሩ የነበረው ሰርዶ እየሳሳና እየገረጣ ይሄድና በመጨረሻ መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ባለቤቱም አንድ ጊዜ ዛፉን ይወቅሳል፥ አንድ ጊዜም አትክልተኛውን ይቈጣል። ነገር ግን ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሰርዶ የሜዳ ሣር ነውና ከፀሐይ ተለይቶ መኖር አይሆንለትም።

ለዚህ ነገር መፍትሔ የሚሻ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ጐን ወዳለው ወደ መናገሻ ሱባ ደን ይውጣ። ይህ ደን ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ነው እየተባለ ሲነገርለት ኖሯል። መንገደኛው ከተራራው ግርጌ ሲነሣ የሚያየው ፀሐይ የሚወድ የሜዳ ሣር ነው። ከጽዱና ከዝግባው ሥር በገባ ጊዜ ግን አየሩ ይቀዘቅዛል፥ ብርሃኑም ይደበዝዛል፤ ይሁን እንጂ መሬቱ ራቁቱን አይደለም። ጥላው የራሱን ቅጠላ ቅጠልና የራሱን ሣር አብቅሏል።

በደጋና በወይና ደጋ ደኖቻችን ከሚገኙት ከእነዚህ ሣሮች አንዱ የዕፅዋት ሊቃውንት ኦፕሊስሜኑስ የሚሉት ነው። ግንዱ በመሬት ላይ እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ይሰድዳል፤ ቅጠሉም አጭርና ሰፊ ሆኖ እንደ ተሸበሸበ ሐር ሞገድ አለው። ፍሬው ሲበስል የሚያጣብቅ ስለ ሆነ በአላፊ አግዳሚው ልብስ ላይ ተለጥፎ ይጓዛል። በደቡብ ምዕራብ ጥቅጥቅ ደኖች ደግሞ ሴታሪያ ሜጋፊላ የሚባለው ረጅም ሣር አለ፤ ቅጠሉ እንደ ዘንባባ የተጣጠፈ ሆኖ እጅግ ያማረ ነው። የቅጠላቸው መስፋት በከንቱ አይደለም፤ በቅርንጫፍ መካከል ሾልኮ የሚወርደውን ጥቂት ብርሃን ለመቀበል ነው። በደጋ ተራሮች የሚበቅለው ቀርከሃም ቢሆን ዛፍ ሳይሆን ከሣር ወገን የተቈጠረ ነው።

የአገራችን የሣር ሀብት እጅግ ብዙ ነው። ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ ዕፅዋት ከተዘጋጁት መጻሕፍት መካከል በ1987 ዓ.ም. የታተመው 7ኛው ቅጽ በሙሉ የሚናገረው ስለ ሣር ወገን ብቻ ነው። ሆኖም የአገር ሣር ሁሉ ለጥላ ይስማማል ማለት አይደለም። የመንዝ ጓሳ ለጣራ ክዳንና ለገመድ የሚመሰገን ቢሆንም ብርድና ግልጥ ሜዳ የለመደ ነውና ከዛፍ ሥር ቢተክሉት አይደላውም።

እንግዲህ በግቢው የጥላ ሣር ለማብቀል የሚወድድ ሰው ከደን ነቅሎ አያምጣ፤ ደኑን አራቁቶ ግቢን ማልበስ ትርፍ አይደለምና። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የበሰለውን ዘር በፈቃድ መልቀም፥ ወይም ሣሩ ካለው ወዳጅ ሥር ያበጀ ቍራጭ መለመን ይበቃል። ዝናቡ በጸና ጊዜ፥ በሐምሌ፥ በየስንዝሩ ይተከል። የዛፉን ሥር እንዳይቈርጡ መሬቱን በጥልቀት መቈፈር አይገባም፤ የበሰበሰ ቅጠል ማልበስ ይሻላል። በበጋ ውሃ እንዳይቋረጥበት፥ ማጭድም እንዳይበዛበት ያስፈልጋል፤ በጥላ ያለ ሣር ኑሮው በቅጠሉ ነውና አጥብቀው ያጨዱት እንደ ሆነ ይራባል። ቀርከሃ የሚተክል ደግሞ ሥሩ በምድር ውስጥ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገር ዙሪያውን ቦይ ያውጣለት። ከባሕር ዛፍ ሥር ግን ብዙ ተስፋ አይደረግም፤ የመሬቱን ውሃ አጥብቆ ይጠጣልና።

ስለ ቀጤማ ደግሞ ለቤት እመቤቶች አንድ ቃል እንጨምራለን። ቀጤማ ግንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ስለ ሆነ ሊቃውንት ከእውነተኛው ሣር ለይተው ይቈጥሩታል፤ ለእኛ ግን የበዓል ጌጥ ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናት ያድሉታል፥ በዓመት በዓልና በቡና ሰዓት ወለል ላይ ይጐዘጐዛል። ይህ ሁሉ ከጨፌ የሚታጨድ ነው፤ ከተማ በሰፋ ቍጥር ግን ጨፌው እየተጠነፈፈ ቤት ይሠራበታል። የጧት ፀሐይ የሚደርሰው፥ የጣራ ውሃም የሚጠራቀምበት አንድ ጥግ ያለው ቤት የበዓሉን ቀጤማ ከግቢው ሊያጭድ ይችላል። ልጆችም ውሃ ማጠጣቱን ሥራቸው ቢያደርጉት፥ ለበዓል የሚጐዘጐዘው ከየት እንደሚመጣ አውቀው ያድጋሉ።

ጥላ ያለው ግቢ የተጐዳ ግቢ አይደለም፤ የሚስማማውን ያላገኘ ግቢ ነው። ዛፉን ከመቍረጥ በፊት፥ የባዕድ ሣርም በብዙ ገንዘብ ከመግዛት በፊት፥ ደኑ ከዛፎቹ ሥር ምን እንዳበቀለ ሄዶ መመልከት ከአስተዋይ ባለቤት የሚጠበቅ ነው።