ጥላሸትና ስም

የሰውን ክብር ማጉደፍ ስንፈልግ እጃችንን የምንሰድደው ወደ ማድ ቤት ነው። «ስሙን አጠለሹት» እንላለን፤ «ጥላሸት ቀቧት» እንላለን፤ መግለጫ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁሉ «ገጽታዬን ሊያጠለሹ» ብሎ ይከስሳል። ፊት ማጥቆር ቀላል ነገር ነው፤ ያጠቆረ ፊት ቡና እስኪፈላ ይፈታል። ሰማዩም ቢጠቁር ዘንቦ ይጠራል። የጠለሸ ስም ግን አይታጠብም ብለን ስለምናምን ከጥቁረት ሁሉ ክፉውን ለጥላሸት ሰጠነው። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም።

ማጥቆር ምን ያህል ሥራ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ይመልከት። ከገበያ የመጣ ሸክላ እንጀራ አያወጣም፤ ሊጡን ይዞ ያስቀራል። ስለዚህ እሳት ላይ ይጣድና የተወቀጠ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ በጨርቅ ይታሻል፤ እንደገና ይነሰነሳል፤ እንደገና ይታሻል። ቅባቱ ወደ ሸክላው ቀዳዳ እየሰረገ ያርና ይደርቃል። ከብዙ ጭስና ከብዙ ላብ በኋላ ምጣዱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ያን ጊዜ እንጀራው ሳይያዝ ይነሣል። ከዚያም በኋላ ቢሆን በየጋገራው መታሰስ አለበት። እንዲህ ያለ ምጣድ ያላት ሴት ለጎረቤት ስታውስ ልቧ አብሮ ይሄዳል።

በወረቀት የሚፈተን የማትሪክ ተፈታኝም ያጠቁራል። ክቧን በእርሳስ አጥቁር ይባላል፤ የማረሚያው መሣሪያ የሚያነበው ጥቁረቷን ነው፤ ክቦቹ ሁሉ ነጭ የቀሩበት ጥያቄ እንዳልተመለሰ ይቆጠራል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲነገር ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ሰሞን የሰማነው የልጆቹን ስንፍና ነበር። ከመካከላቸው መምህርና መጽሐፍ ሳይሟላላቸው ያደጉ ነበሩ፤ የብዙ ሰው ጥፋት በእነሱ ስም ላይ ተቀባ። ይህ እስካሁን ያስቆጨኛል።

ወደ ጥላሸቱ ልመለስ። የብራና መጻሕፍታችን ጥቁር ቀለም የተሠራው ከእሱ ነው። ቀለም የሚያዘጋጀው ሰው ከምጣድና ከድስት ቂጥ ጥላሸት ይፍቃል፤ የተቆላና ያረረ እህል ይጨምርበታል፤ እንደየአገሩ ቅጠሉን ይቀላቅላል፤ ፈጭቶ በውኃ ይዘፈዝፈዋል። ከዚያ እያማሰለ ለወራት ይጠብቃል። ሲደርስ ያደርቀዋል፤ ሊጽፍ ሲል ቆርሶ በውኃ ያርሰውና በቀንድ ውስጥ ያኖረዋል፤ መቃውን ይቀርጻል፤ ይጀምራል። ቀዩ ቀለም ለእግዚአብሔር ስም፣ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን፣ ለምዕራፉም መግቢያ ይጠበቃል። የቀረው ሁሉ፣ ታሪኩም፣ ጸሎቱም፣ ትእዛዙም በጥላሸት ይጻፋል። ይህ ቀለም ብርሃን አያደበዝዘውም። አውሮፓውያን ከብረትና ከዛፍ እባጭ ይቀምሙት የነበረው ቀለም አንዳንዴ ገጹን እየበላ ይበሳዋል፤ የእኛ ጥላሸት ብራናውን አይበላውም፤ ጠላቱ ውኃ ነው።

በብራና ላይ ስም የሚጠፋው ታዲያ እንዴት ነው? በመፋቅ ነው። መጽሐፉ በስጦታ፣ በሽያጭ ወይም በዝርፊያ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ይፍቅና በቦታው የራሱን ያስገባል። በብዙ መጻሕፍት ጸሎቱ ሙሉ ሆኖ «ለገብርከ» (ለአገልጋይህ) ወይም «ለአመትከ» (ለሴት አገልጋይህ) ከሚለው ቀጥሎ ቆዳው ሳስቶ፣ ነጥቶ፣ ሻክሮ ይታያል፤ በላዩም በሌላ እጅ የተጻፈ ሌላ ስም አለ። የቀድሞውን ሰው ከጸሎት ያስወጣው ያ ንጣት ነው። ጥላሸቱ እስካለ ድረስ ሰውዬው ይጸለይለት ነበር። እኛ ግን ዛሬ ስም ጠለሸ እያልን እናለቅሳለን፤ ከመዝገብ፣ ከታሪክ፣ ከአደባባይ እየተፋቀ የሚጠፋውን ስም የምንጠራበት ይህን ያህል የሚያስደነግጥ ቃል አላበጀንለትም። ጥላሸት የተቀባ ሰው ቢያንስ ቆሞ ይከራከራል፤ የተፋቀው ማን ፊት ይቁም?

እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከተወሰዱት ብራናዎች 350 ያህሉ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛሉ። ስለ ሥዕላቸው፣ ስለ ድጉሳቸው፣ ስላስጻፏቸው ነገሥታት ብዙ ተጽፏል፤ ይመለሱ አይመለሱም ክርክሩ አላለቀም፤ እኔ ይመለሱ ከሚሉት ነኝ። ስለ እነሱ ሳስብ ግን ከነገሥታቱ ይልቅ የጥላሸቱ ባለቤቶች ይመጡብኛል። ያ ጥቁረት የአንዲት ሴት ምጣድ ቂጥ ነበር። እሳቱን ያነደደችው፣ ጭሱን የዋጠችው፣ ዓይኗ እየነደደ ያሰሰችው እሷ ናት። ጭሱን ላወድሰው አልፈልግም፤ የስንቱን እናት ሳንባና ዓይን በልቷል። የኤሌክትሪክ ምጣድ የገባበት ቤት ተገላግሏል፤ በእንጨትና በኩበት የሚጋገርበት ቤት ግን ገና ብዙ ነው፤ እዚያ ጥላሸቱ ዛሬም በጣራው ላይና በጋጋሪዋ ደረት ውስጥ ይከማቻል።

በብዙ የብራና መጻሕፍት መጨረሻ ምርቃት አለ። የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበውና የሰማው እየተጠሩ በመንግሥተ ሰማያት እንዲታሰቡ ይለመንላቸዋል። ብራናውን የዳመጠውና ቀለሙን የበጠበጠው ብዙ ጊዜ ራሱ ጸሐፊው ስለሆነ እሱም በዚያው ይካተታል። ጥላሸቱ የተፋቀባት ሴት የለችበትም፤ ስሟ መጀመሪያውኑ አልተጻፈምና የሚፋቅም አልነበረውም።