እጄ የለመደው ችግር

ባለፈው ጥር እናቴን ይዘን አዳማ ወዳለችው እህቴ ቤት ስንሄድ መኪናዋን የያዘችው ልጄ ነበረች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ዓመት አልፏታል፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ ስትነዳ ግን የመጀመሪያዋ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ገብተን ጥቂት እንደሄድን፣ “አባዬ፣ መኪናው ወደ ቀኝ ይስበኛል” አለችኝ።

“መንገዱ ለውሃ መውረጃ ዘንበል ስለሚል ነው። መሪውን ጠበቅ አድርገሽ ያዢው” አልኳት።

ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ “90 ላይ ስደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል” አለች። መልስ ሳልሰጣት እናቴ ከኋላ፣ “ልጅቷ የምትልህን አትሰማም እንዴ?” አለችኝ። ፍጥነት ቀንሰን በቢሾፍቱ መውጫ ወጣንና ጎሚስታ ፈለግን።

እውነቱን ለመናገር፣ መኪናው መሳብ የጀመረው ያን ዕለት አልነበረም። ነሐሴ ላይ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ውስጥ በኃይል ገብቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብዬ ስሄድ እንኳ መሪው በትንሹ ወደ ግራ ዞሮ ነው የሚቆመው። እጄ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያቃና ስለለመደው እኔ ረሳሁት። ከተማ ውስጥ በ40 ሲነዱ ብዙም አይታወቅም።

ጎሚስታው ወጣት ነው። በመጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ለካ። የቀኙ የፊት ጎማ ከግራው በ8 ፒኤስአይ አንሶ ተገኘ። “ንፋስ ያነሰው ጎማ መኪናውን ወደ ራሱ ይጎትታል” አለንና ሞላው። ቀጥሎ እጁን ወደ ቸርኬዎቹ አስጠጋ፤ ፍሬን ይዞ ከቀረ የዚያኛው ወገን ቸርኬ ከሌላው ይበልጥ ይግላል። ልዩነት አላገኘም። በመጨረሻ መሪውን እስከ ጥግ አዙሮ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ አጎነበሰና፣ “ጋሼ፣ ይሄን አይተውታል?” አለኝ።

በውጭ በኩል ጥርሱ ደህና የነበረው ጎማ በውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ሊታይ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ጎማ ሳላይ አልወጣም፤ የማየው ግን ቆሜ የሚታየኝን ብቻ ነበር። በዚያ ጎማ ላይ እናቴንና ልጄን አስቀምጬ በፍጥነት መንገድ መውጣቴን ሳስብ ጉልበቴ ራደ።

መለዋወጫውን ጎማ ገጥመን በአሮጌው መንገድ ቀስ እያልን አዳማ ገባን። አዲስ አበባ ስንመለስ መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንስቶ የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ ወዘወዘው። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ዘንግ መገጣጠሚያው ላልቶ ጎማው ፊቱን ወደ ውጭ ከፈት አድርጎ ነበር የሚሄደው፤ ውስጡን የበላውም ይኸው ነው። መካኒኩ መጀመሪያ መገጣጠሚያውን ቀየረ። የላላው ሳይቀየር አላይመንት ቢሠራ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይበላሻል። ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ገዝተን አላይመንቱ ከዚያ በኋላ ተሠራ።

የመሪው መንቀጥቀጥ ለካ ሌላ ጉዳይ ኖሯል። ቸርኬው ላይ የሚለጠፈው ትንሽ እርሳስ ወድቆ ጎማው ባላንሱን ስቶ ነው። እኔ መሳብም መንቀጥቀጥም አንድ ይመስለኝ ነበር። መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ወደ አንድ ወገን ሲስብ ንፋስን፣ ፍሬንን፣ ጎማንና አላይመንትን በየተራ ማየት ነው፤ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ግን ከሁሉ በፊት ባላንስ ይጠረጠራል።

አሁን በወር አንድ እሑድ ጠዋት ንፋስ እናስለካለን። ልጄ መሪውን ታዞራለች፣ እኔ መብራት ይዤ አጎነብሳለሁ። ረጅም መንገድ ከመውጣታችን በፊትም ቁልፉን ለእሷ እሰጥና ሰፈሩን አንድ ዙር ትነዳዋለች፤ የእሷ እጅ የእኔን ጥፋት አልለመደም።

እናቴ ደግሞ የራሷን ምርመራ አላት። የመኪናው በር ተከፍቶላት ሳለ ቆም ትልና፣ “ልጅቷ አይታዋለች?” ብላ ትጠይቃለች። አዎ ካልተባለች አትገባም።