ጥሩምባ የማይበዛበት መንገድ

ለልጅዎ ብስክሌት ገዝተው የሚነዳበት ቦታ አጥተው ያውቃሉ? ከግቢ ወጥቶ ጎማውን የሚያሽከረክርበት መንገድ ካማረዎት፣ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ የዓባይን በረሃ ተሻግረው ደብረ ማርቆስ ይድረሱ።

ከከተማዋ አስፋልት ወጣ ሲሉ የገጠር ቀበሌዎችን የሚያገናኙ የጠጠር መንገዶች ያገኛሉ። አልፎ አልፎ ከሚያልፍ አይሱዙ በቀር መንገዱ የእግረኛው፣ የአህያውና የበቅሎው ነው። እንግዳው እርስዎ ነዎት፤ ከብት ሲያጋጥም መውረድን፣ ሽማግሌ ሲያልፉ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ መስጠትን ልጅዎን ያስተምሩበት። በገበያ ቀን መንገዱ በሰው ስለሚሞላ ሌላ ቀን ይምረጡ። በጮቄ ግርጌ ያለችው ረቡዕ ገበያ ቀኗን በስሟ ትነግርዎታለች።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ዕረፉ። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን አስቀድሙ፤ ሲደክማችሁ መመለሻው ቁልቁለት ይሆንላችኋል። ቁልቁለቱ ላይ ግን የፊት ፍሬን በድንገት አይያዝም፤ ጠጠር ያንሸራትታል።

ክረምቱ ጭቃ ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር ይመረጣሉ። ትርፍ ካላማዳሪያና ጎማ መንፊያ ይያዙ። ከሁሉ በፊት ግን የአካባቢውን ሰላም ከነዋሪዎች ያጣሩ። መንገዱ ሰላም ካልሆነ ጉዞው ለሌላ ዓመት ይቆይ፤ ጮቄ የትም አይሄድም።